ቢሾፍቱ፦ ከተማዋና ሐይቆቿ



ከወላይታ ተነሥቶ በሻሸመኔ በኩል ወደ አዲስ አበባ የሚጓዝ ሰው መንገዱን በሐይቅ ይቆጥራል። ቦዲቲን፣ ሾኔንና ሀላባ ቁሊቶን አልፎ ሻሸመኔ ሲደርስ የሐዋሳ ሐይቅ በስተቀኝ ይቀራል፤ ወደ ሰሜን ሲታጠፍ ላንጋኖና ዝዋይ በየተራ ይመጣሉ። ሞጆን ካለፈ በኋላ ግን መንገደኛው ሐይቅ መጠበቁን ይተዋል። አዲስ አበባ ሊገባ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀረው በአስፋልቱ ግራና ቀኝ ሱቅ፣ ጋራዥ፣ ባንክ፣ ባጃጅና የፈረስ ጋሪ የሞላባት ከተማ ያያል፤ ረዳቱም «ቢሾፍቱ ወራጅ!» ይላል። ብዙዎቻችን በዚህች ከተማ ደጋግመን አልፈናል። ከሱቆቹ ጀርባ ግን ከአምስት የማያንሱ ሐይቆች እንዳሉ የምናውቅ ጥቂት ነን። ሐይቆቹ ከመሬቱ ወለል ዝቅ ብለው በገደል ውስጥ ስለተኙ ወርዶ ያልፈለጋቸው ሰው አያያቸውም።

ስለዚህች ከተማ ለመጻፍ ያነሣሡን ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው ከቢጠና፣ ከሶዶ፣ ከአረካና ከሌሎችም የወላይታ ከተሞች ብዙ ወጣት ሥራ ፍለጋ የሚሄደው ወደ አዲስ አበባና በዙሪያዋ ወዳሉ ከተሞች መሆኑ ነው። ልጅ የሚሄድበትን ከተማ ቤተሰብ ማወቅ አለበት። ሁለተኛው ደግሞ የእኛም ከተሞች ዛሬ በማደግ ላይ መሆናቸው ነው። ሶዶ በ1999 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ከፈተች፤ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህም የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ሆናለች። ቢሾፍቱ በዚህ መንገድ ከሶዶ ቀድማ ሩቅ ሄዳለች። ያገኘችውንም ያጣችውንም ማየት ለእኛ ይጠቅመናል ብለን እናምናለን።

ውኃው ከየት መጣ?

ቢሾፍቱ የሚለው ስም ከኦሮምኛው «ቢሻን» ማለትም ውኃ ከሚለው ቃል ጋር ይያያዛል፤ ውኃ የበዛበት ቦታ እንደማለት ነው። ሆራ ደግሞ ከብት የሚጠጣው ማዕድን ያለበት ውኃ ነው። ጨለለቃም ረግረግ ማለት ነው። እንግዲህ ነባሩ ሕዝብ ስም ሲያወጣ እያንዳንዱን ውኃ በጠባዩ ለይቶ ነው የጠራው። ሐይቆቹ አምስት ናቸው የሚል አለ፤ ሰባት ናቸው የሚልም አለ። ልዩነቱ ክረምት ሲሆን ሞልቶ በጋ ሲሆን የሚሸሸውን ጨለለቃን፣ እንዲሁም ከከተማው ወጣ ብለው የሚገኙትን አረንጓዴንና ቂሎሌን ከመቁጠርና ካለመቁጠር የሚመጣ ነው። ቢሾፍቱ፣ ሆራ፣ ባቦጋያና ኩሪፍቱ ግን በማንም አፍ አይቀሩም።

አብዛኞቹ የተፈጠሩት በእሳተ ገሞራ ነው። ከምድር ውስጥ የሚወጣ የቀለጠ ዐለት ከከርሰ ምድር ውኃ ጋር ሲገናኝ ውኃው በአንድ ጊዜ ወደ እንፋሎት ተለውጦ መሬቱን ይፈነቅለዋል። የፈነዳው ቦታ ጎድጓዳ ይሆንና ቀስ በቀስ ውኃ ይሞላዋል። ለዚህም ነው ሐይቆቹ እንደ ድስት ክብና ጥልቅ የሆኑት። በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በተደረገ ልኬት የቢሾፍቱ ሐይቅ ትልቁ ጥልቀት 87 ሜትር፣ የባቦጋያ 65 ሜትር፣ የሆራ 38 ሜትር ሆኖ ተገኝቷል። ሰማንያ ሰባት ሜትር ማለት ወደ ሠላሳ ፎቅ የሚጠጋ ሕንፃ ቢቆም የሚውጥ ነው። ይህ ሁሉ ጥልቀት ያለው ግን ስፋቱ አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር እንኳ በማይሞላ ሐይቅ ውስጥ ነው።

ይህን የምንጽፈው ለመደነቅ ብቻ አይደለም። ከወላይታ ቆላ በኩል አባያን የምናውቅ ሰዎች ሐይቅ ስንል ቀስ እያለ የሚጠልቅ ውኃ ይመስለናል። የቢሾፍቱ ሐይቆች እንዲህ አይደሉም። ከዳር ሁለትና ሦስት እርምጃ ገብቶ መሬት ከእግር ሥር ሊጠፋ ይችላል። ለዋና የሚሄድ ወጣት ይህን ሳያውቅ ልብሱን ማውለቅ የለበትም። በወንዝ ዋና የተማረ ሁሉ በእነዚህ ሐይቆች ዋናተኛ ነው ማለት አይደለም።

ሌላም ጠባይ አላቸው። የሐይቁ ታችኛው ውኃ አየር የሌለው ሆኖ ለወራት ተኝቶ ይቆይና በኅዳርና በጥር መካከል ብርዱ ሲጠና የላይኛው ውኃ ቀዝቅዞ ይከብዳል፤ ወደ ታች ይወርዳል፤ የታችኛውም ይወጣል። በዚህ ጊዜ ዓሣ ትንፋሽ አጥቶ ሊሞት ይችላል። በዳር የተንሳፈፈ ዓሣ ያየ ሰው ወዲያው መርዝ ተጨመረበት ብሎ ባይደመድም ይሻላል። ሆኖም የሞተውን ዓሣ ለቅሞ ለገበያ የሚያቀርብ ነጋዴ ቢኖር በሸሪዓም በጤና ሕግም የሚጠየቅበት ብዙ ነገር አለ። በባሕር ሞቶ የተገኘ ዓሣ የመበላቱ ጉዳይ መዝሀቦች የተወያዩበት ቢሆንም፣ የሚጎዳ መሆኑ የታወቀ ምግብ በአንዳቸውም ዘንድ አይፈቀድም።

አረንጓዴ የሚባለው ሐይቅ ስሙን ያገኘው ከቀለሙ ነው። በውኃው ውስጥ የሚበቅለው ደቃቅ ዕፅ፣ በአማርኛችን አልጌ የምንለው፣ ሐይቁን ቅጠል አስመስሎታል። ውኃውም ጨዋማ ነው። ከተማሪዎቻችን አንዱ በዚህ ሐይቅ ፎቶግራፍ ላይ «ኡስታዝ፣ በዚህ ውኃ ውዱእ ይደረጋል?» ብሎ ጠይቆን ነበር። ጥያቄው የሚያስመሰግን ነው። የፊቅህ ሊቃውንት ይህን ከጥንት ጀምሮ አንሥተውታል። ውኃ ከተኛበት መሬት ጨው ወይም በውስጡ ከበቀለ «ጡህሉብ» ቀለሙና ጣዕሙ ቢለወጥ ጠሃራነቱን አያጣም፤ ውኃው ከዚህ ሊጠበቅ አይችልምና። ነጃሳ ገብቶበት ሽታው፣ ጣዕሙ ወይም ቀለሙ ሲለወጥ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ይህን ልዩነት አንባቢ በልቡ ይያዝልን፤ ወደ ታች እንመለስበታለን።

ከተማዋ እንዴት አደገች?

የጅቡቲ ምድር ባቡር አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ቢሾፍቱም ከባቡሩ ማረፊያዎች አንዷ ሆነች። ለዋና ከተማው ቅርብ መሆኗ፣ አየሯ ከአዲስ አበባ ሞቅ ማለቱና ሐይቆቿ መኳንንቱን ሳቧቸው። ዐፄ ኃይለ ሥላሴም በዚያ ቤት ነበራቸው። ስሟም በእርሳቸው ዘመን ተለውጦ ደብረ ዘይት ተባለች፤ ለብዙ ዐሥርተ ዓመታትም በዚሁ ስም ስትጠራ ኖራ በኋላ ወደ ቀድሞ ስሟ ተመለሰች። ዛሬም ቢሆን ከቃሊቲ የሚነሡ የሚኒባስ ረዳቶች «ደብረ ዘይት፣ ደብረ ዘይት» ሲሉ መስማት የተለመደ ነው።

የአየር ኃይሉ ጉዳይ ለብቻው ሊነሣ ይገባል። ከጣሊያን ወረራ በኋላ ከስዊድን የመጡት ካውንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን የኢትዮጵያን አየር ኃይል እንዲያደራጁ ኃላፊነት ሲሰጣቸው ማዕከሉ የተደረገው እዚሁ ነው። ከዚያ ወዲህ ከተማዋ የአብራሪዎች፣ የመካኒኮችና የቤተሰቦቻቸው ከተማ ሆነች። ወታደር ጡረታ ሲወጣ ቤት የሠራው እዚያው ነው። ልጆቹም እዚያው ተምረዋል። ዛሬ ቢሾፍቱ ውስጥ የሚታየው የብረት ሥራ፣ የጋራዥና የመኪና መገጣጠም ሙያ ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። የአዲስ አበባ ሕዝብ ለዓመታት የተሳፈረባቸው ብዙዎቹ የከተማ አውቶቡሶች የተገጣጠሙት በቢሾፍቱ ነው።

ከወታደሩ ባልተናነሰ ግን እኛን የሚያስደንቀን ስለ ከብትና ስለ ጤፍ የተሠራው ነው። በ1956 ዓ.ም. የተቋቋመው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት በዚህች ከተማ ሆኖ የእንስሳት ክትባት ያመርታል። አያቶቻችን ክፉ ቀን እያሉ የሚያወሩት ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ የደረሰው ረኃብ ዋና ምክንያት ደስታ የሚባለው የከብት በሽታ ነበር። በሬ አልቆ ሰው በእጁ ቆፈረ፤ መቆፈርም ሲያቅተው አለቀ። ይህ በሽታ በ2003 ዓ.ም. ከዓለም ፈጽሞ መጥፋቱ ታወጀ። አልሐምዱሊላህ! በሰው ልጅ ጥረት ከምድር የጠፋ የእንስሳት በሽታ እርሱ የመጀመሪያው ነው። የአፍሪካ ኅብረት የእንስሳት ክትባት ማዕከልም ዛሬ በቢሾፍቱ ይገኛል። ወላይታ ውስጥ ላሙን ወይም በሬውን ያስከተበ ገበሬ ከተማዋን ባያውቃትም እርሷ አውቃዋለች ማለት እንችላለን።

የጤፉም ነገር እንዲሁ ነው። የቢሾፍቱ ዙሪያ አድአ ይባላል። የአድአ ነጭ ጤፍ ምን እንደሆነ ለአዲስ አበባ እመቤት መንገር አያስፈልግም። በደብረ ዘይት የግብርና ምርምር ማዕከል ለብዙ ዓመታት የጤፍ ዝርያ እየተመረጠና እየተዳቀለ ለገበሬ ሲሰጥ ኖሯል። ከእነዚህ አንዱ በ1998 ዓ.ም. የወጣው ቁንጮ ነው፤ ምርታማነቱንና የእህሉን ንጣት በአንድ ላይ በመያዙ በሰፊው ተዘርቷል። በዝርያዎቹ መዝገብ ላይ «ዲዜድ» የሚል ምልክት ከቁጥር በፊት ይጻፋል፤ ደብረ ዘይት ማለት ነው። ለሽምብራና ለምስርም ማዕከሉ ያደረገው አስተዋጽኦ ቀላል አይደለም። ታዲያ ይህ ሁሉ የሆነው መሬቱ ጥቁርና ለም ስለሆነ ነው። ይህን መሬት ነው ከተማዋ ስታድግ የምትበላው።

በ1999ኙ የሕዝብ ቆጠራ ከተማዋ 99,928 ሰው ነበራት። ከዚያ በፊት በ1987 በተደረገው ቆጠራ 73,000 ያህል ነበሩ። ከ1999 ወዲህ አገር አቀፍ ቆጠራ ስላልተደረገ ዛሬ ስንት እንደደረሰች በቁጥር አንናገርም፤ ያደገች መሆኗን ግን ዓይን ያለው ሁሉ ያያል። በዚሁ ቆጠራ ሙስሊሙ ከመቶ አምስት ያህል ነበር። ጥቂት ይመስላል፤ ግን ከወላይታ ለምንሄድ ሰዎች እንግዳ ነገር አይደለም። እኛም በቁጥር ጥቂት ሆነን፣ ከክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ጋር ሠርግና ለቅሶ ተካፍለን የምንኖር ነን።

ዕድገቱን ያፋጠኑት መንገዶቹ ናቸው። ከአዲስ አበባ አዳማ የሚወስደው ባለ ስድስት መስመር የክፍያ መንገድ በ2007 ዓ.ም. መጀመሪያ ሥራ ጀመረ። አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡርም በ2009 ዓ.ም. ተመርቆ ከ2010 ጀምሮ መደበኛ አገልግሎት ሲሰጥ በቢሾፍቱ ጣቢያ አለው። በአዲስ አበባና በቢሾፍቱ መካከል ያለችው ዱከምም የምሥራቅ ኢንዱስትሪ ዞን የሚባለውን የቻይናዎች የፋብሪካ መንደር ይዛለች። ስለዚህ በቢሾፍቱ ቤት ተከራይቶ በዱከም የሚሠራ፣ በአዲስ አበባ እየሠራ በቢሾፍቱ ቤት የሚሠራ፣ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ከአዲስ አበባ ለመዝናናት የሚመጣ ሰው በአንድ አስፋልት ላይ ይገናኛል።

የሐይቁ ዳር የማን ነው?

ወደ ዋናው ጉዳያችን ደረስን። አንድ እሑድ ጠዋት ከጥቂት ተማሪዎች ጋር ሆነን ባቦጋያን ለማየት ወርደን ነበር። ዕቅዳችን ቀላል ነው፤ ዳቦና ሻይ ይዘናል፤ ልጆቹ ውኃውን እያዩ ስለ እሳተ ገሞራ የተማሩትን ያያሉ፤ ዙህር ሲደርስ በሣሩ ላይ ሰግደን እንመለሳለን። ከባጃጅ ወርደን በአጥሩ ዳር መራመድ ጀመርን። የመጀመሪያው በር የሆቴል ነበር፤ መግቢያ ይከፈላል፤ ምግብ ይዞ መግባትም አይቻልም። ሁለተኛው የግለሰብ ቪላ ነው። ሦስተኛው ገና በመሠራት ላይ ያለ ሌላ ሆቴል ነው። አራተኛው ዘበኛው በትሕትና «ዛሬ ለእንግዳ ተይዟል» አለን። ሐይቁ በየአጥሩ ቀዳዳ ብልጭ ይላል። ከልጆቹ ትንሹ አጥሩ ላይ ተንጠልጥሎ ለጓደኞቹ የሚያየውን ይነግራቸው ጀመር፤ አወረድነው። በመጨረሻ በሁለት አጥሮች መካከል በቀረች ጠባብ መተላለፊያ ወርደን ውኃው ዘንድ ደረስን። እዚያም ልብስ የሚያጥቡ ሴቶች፣ ጀሪካን የያዙ ልጆችና መረብ የሚጠግን አንድ አዛውንት ዓሣ አጥማጅ ነበሩ። ሁላችንም በዚያች ጠባብ ቦታ ተጣበን ቆምን። ቦታ ስናጣብባቸው ተቆጥተው ነበር ብንል አንዋሽም።

በሆቴል ላይ ጥላቻ የለንም። ሐይቅ ዳር የተሠሩት መዝናኛዎች ለብዙ ወጣት እንጀራ ሰጥተዋል። በኩሪፍቱ የተጀመረው ዓይነት ሥራ ከተማዋን በአገር ውስጥም በውጭም አስታውቋታል። አስተናጋጁ፣ አትክልተኛው፣ አናጺው፣ የዶሮ ነጋዴው ከዚህ ይበላል። ነገር ግን መጠጥ የማይቀርብበት፣ ቤተሰብ ልጆቹን ይዞ በነፃ ወይም በትንሽ ዋጋ ውኃ ዳር የሚቀመጥበት ቦታ ለማግኘት እንዲህ መድከም ነበረብን? ይህ የሙስሊሙ ችግር ብቻ አይደለም። ገንዘብ የሌለው ሰው ሁሉ ችግር ነው። በዚያች መተላለፊያ ከእኛ ጋር የቆሙት ሰዎች አንገታቸው ላይ ማተብ ያሰሩ ነበሩ።

በመድረሳ የተማርነውና በመንግሥት ትምህርት ቤት የተማርነው በዚህ ጉዳይ ላይ ተገናኝቶ አግኝተነዋል። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ሰዎች በሦስት ነገሮች ተጋሪዎች መሆናቸውን እንዳስተማሩ፣ ከእነርሱም አንዱ ውኃ መሆኑን አቡ ዳውድ ዘግበዋል። ፉቀሃዎች ከዚህ ተነሥተው «ሐሪም» የሚባል ሕግ አስቀምጠዋል። ሐሪም ማለት በጉድጓድ፣ በምንጭ ወይም በወንዝ ዙሪያ ማንም በግሉ ሊያጥረው የማይችል፣ ለቀጂውና ለከብቱ መተላለፊያና መቆሚያ የሚተው መሬት ነው። ልኩ እንደ መዝሀቡና እንደ ውኃው ዓይነት ይለያያል፤ መኖሩ ግን የታወቀ ነው። ውኃው የጋራ ሆኖ ወደ ውኃው የሚያደርሰው መሬት ከተዘጋ ውኃው የጋራ መሆኑ ምን ትርጉም አለው? ነጥቡ ይህ ነው። የአገራችን ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬትና የተፈጥሮ ሀብት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን ደንግጓል። ሐይቅ የተፈጥሮ ሀብት ካልሆነ ሌላ ምን ሊሆን ነው!

የሐይቅ ዳር ክፍት ሆኖ መቅረት ምን ያህል ከባድ ጉዳይ መሆኑን የሆራ አርሰዲ ታሪክ ያሳየናል። በየዓመቱ በመስከረም መጨረሻ የኦሮሞ ሕዝብ የኢሬቻን በዓል ለማክበር በሆራ ዳር በብዙ መቶ ሺህ ይሰበሰባል። መስከረም 22 ቀን 2009 ዓ.ም. በዚህ ቦታ በተነሣ ግርግርና መረጋገጥ ከ50 በላይ ሰዎች ሕይወታቸውን አጥተዋል። የዚያን ቀን ምክንያቱ የፖለቲካ ነበር፤ በዚህ ጽሑፍ አንገባበትም። ገደል፣ ውኃና ሕዝብ በአንድ ላይ በሚገናኙበት ቦታ መውጫና መግቢያ ሰፊ መሆን እንዳለበት ግን ለማንም ግልጽ ነው። ይህን ያህል ሕዝብ የሚሰበሰብበት ዳር በአጥር እየጠበበ መሄድ የለበትም።

ከመዘጋቱ ይልቅ የሚያሰጋው ደግሞ መቆሸሹ ነው። የእሳተ ገሞራ ሐይቅ መውጫ ወንዝ የለውም። የገባበት ነገር እዚያው ይቀራል። የሆቴል ፍሳሽ፣ የልብስ ሳሙና፣ ከማሳ የታጠበ ማዳበሪያ፣ ክረምት ሲሆን ከመንገድ የሚወርደው ዘይትና ፌስታል ሁሉ ተጠራቅሞ ይተኛል። በቆመ ውኃ ውስጥ መሽናትን ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ከልክለዋል፤ ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። ያ ክልከላ ስለ አንድ ሰው ሽንት ከሆነ፣ ስለ መቶ ክፍል ሆቴል ሽንት ቤት ምን እንላለን? ቀደም ብለን ስለ አረንጓዴ ሐይቅ ያነሣነውን ልዩነት እዚህ ላይ ማስታወስ ይገባል። ተማሪያችን የጠየቀው አላህ በሰጠው ቀለም ስለተለወጠ ውኃ ነበር። የሆቴል ፍሳሽ የለወጠውን ውኃ በተመለከተ ግን መልሱ ሌላ ይሆን ነበር።

ሐይቅ አይጠፋም የሚል ካለ ወደ ሐረርጌ ይመልከት። የሐረማያ ሐይቅ ለሐረር ከተማ የመጠጥ ውኃ ይሰጥ ነበር። ለጫትና ለአትክልት መስኖ በፓምፕ ተቀዳ፤ ለከተሞች ተቀዳ፤ ከዙሪያው ተራሮች የታጠበ አፈር ሞላው። በ1990ዎቹ (ዓ.ም.) ውኃው ፈጽሞ ደረቀ፤ ታንኳ የነበረበት ቦታ ከብት የሚግጥበት ሜዳ ሆነ። ሐረርም ውኃዋን ከድሬዳዋ በኩል በረጅም ቧንቧ ለማምጣት ተገደደች። በቅርብ ዓመታት ውኃው ተመልሶ መታየቱ ትልቅ ደስታ ነው፤ ግን አንድ ትውልድ ሐይቁን ሳያይ አድጓል። የእኛው አባያ ቀይ ቡናማ የሆነው በምን ይመስላችኋል? ወንዞቹ ከደጋው ተሸክመውት የሚወርዱት አፈር ነው። ከዚያ ውስጥ የወላይታ ማሳ አፈር አለበት።

የጤፉ ማሳና አውሮፕላኑ

ስለ ቢሾፍቱ ሲወራ ዛሬ የማይቀረው የአዲሱ አውሮፕላን ማረፊያ ነገር ነው። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ 2,334 ሜትር ላይ ይገኛል። በከፍታ ቦታ አየሩ ስለሚሳሳ አውሮፕላን ብዙ ነዳጅና ብዙ ጭነት ይዞ ለመነሣት ይቸገራል። የቢሾፍቱ አካባቢ ከዚያ በ400 ሜትር ያህል ዝቅ ይላል። ቦሌ ደግሞ በከተማ ተከቦ መስፋፊያ አጥቷል። በእነዚህ ምክንያቶች የኢትዮጵያ አየር መንገድ በነሐሴ 2016 ዓ.ም. ዳር ከተባለው አማካሪ ድርጅት ጋር የዲዛይን ውል ተፈራረመ፤ በጥር 2018 ዓ.ም. ደግሞ የግንባታው ሥራ በይፋ ተጀመረ። አራት ማኮብኮቢያዎች ይኖሩታል፤ በመጀመሪያው ምዕራፍ በዓመት 60 ሚሊዮን፣ ሁሉም ሲያልቅ 110 ሚሊዮን መንገደኞች ያስተናግዳል ተብሎ ታቅዷል። ወጪው 12.5 ቢሊዮን ዶላር ይሆናል ተብሏል።

አገር የምትኮራበት ሥራ ነው። ሐጅና ዑምራ የሚሄደውም ኢንሻአላህ ከዚያ የሚነሣበት ጊዜ ይመጣል። ይሁን እንጂ ቦታው ባዶ አልነበረም። እንደተገለጸው ወደ 2,500 የሚጠጉ የገበሬ ቤተሰቦች ከዚያ ተነሥተው በሌላ ቦታ መስፈር ነበረባቸው። ጤፍ፣ ሽምብራና ምስር የሚያበቅል ጥቁር መሬት ነው። ቤት ተሠርቶ ቢሰጥ፣ ካሳም በገንዘብ ቢከፈል መልካም ነው። ሆኖም ዕድሜውን ሙሉ ሞፈር የጨበጠ ሰው ብር ሲጨብጥ ምን ያደርግበታል? በአዲስ አበባ ዙሪያ ካሳ ተቀብለው ገንዘቡ ካለቀ በኋላ በቀድሞ መሬታቸው ላይ በተሠራው ሕንፃ ዘበኛ የሆኑ ገበሬዎች ታሪክ ያልሰማ የለም። የቤተሰብ አባት የሆነ አንባቢ ይህን እንዲያስብልን እንፈልጋለን፤ ነገ ሶዶም ስትሰፋ የሚነሣው የማን አባት እንደሚሆን አይታወቅምና። ለእንዲህ ዓይነቱ ቤተሰብ ከገንዘቡ በፊት ሊመጣለት የሚገባው ለልጆቹ ሙያ ነው፤ ብየዳ፣ ኤሌክትሪክ፣ መኪና ሥራ፣ ለሴት ልጆችም እንዲሁ። ቢሾፍቱ ደግሞ ሙያ አስተማሪ ያጣች ከተማ አይደለችም።

ከእኛ ወገን ወደዚያ ለሥራ ለሚሄዱ ወጣቶች የምንለው አለን። ግንባታ ባለበት የቀን ሥራ አለ፤ የቀን ሥራ ባለበትም ደላላ አለ። ደመወዙን፣ ማደሪያውንና የሚከፈልበትን ቀን በጽሑፍ ሳታዩ ከሶዶ መናኸሪያ አትነሡ። የቤት ኪራይ በአስፋልቱ ዳር ውድ ነው፤ ወደ ውስጥ ሲገባ ይቀንሳል፤ ከሥራ ቦታ ሲርቅ ግን የባጃጁ ሒሳብ ልዩነቱን ይበላዋል። ጁሙዓ ለመስገድ እንዲፈቀድላችሁ ገና ሥራ ስትጀምሩ በትሕትና ጠይቁ፤ በኋላ ከመጣላት ይሻላል። ከተማዋ ስትደርሱ በቅድሚያ መስጊዱን ፈልጉ። የአገር ልጅ፣ ርካሽ ማደሪያ፣ ታማኝ አሠሪ፣ ታምሞ የሚጠይቅ ሰው የሚገኘው ከዚያ ነው።

ለጉብኝት የሚሄድ ቤተሰብ ደግሞ ከአዲስ አበባ ከቃሊቲ መናኸሪያ ሚኒባስ ይዞ ጠዋት ቢነሣ በቀን ደርሶ መመለስ ይችላል። ክረምቱ ወጥቶ ጨለለቃ ገና ሳይሸሽ፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር ያለው ጊዜ ጥሩ ነው። ጨለለቃ አጥር የለበትም። ውኃውም እንደ ሌሎቹ ጥልቅ አይደለም፤ ዳሩ ግን ጭቃ ነውና የልጆችን ጫማ አስቡበት። ወፎቹ በብዛት የሚታዩት በማለዳ ነው።